መኪናይቱ ስትወለድ ማን ነበረች?

አንድ ወጣት ሠራተኛ ጣራዋ ታጣፊ የሆነች አሮጌ የአሜሪካ አውቶሞቢል በአዲስ አበባ ገዝቶ፤ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፤ ደብረ ማርቆስን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አልፎ መራዊ ገባ እንበል። የከተማው ልጅ ሁሉ ይከባታል፤ ትልልቆቹም «ስንት ገዛሃት?» ይላሉ። «ምን ገዛህ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። ዋናው ጥያቄ ግን ይኸው ሁለተኛው ነው።

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፤ እንዲህ ያለችውን መኪና የሚሻ ሰው ቀድሞ ከገቡት መካከል መፈለግ ግድ ሆኖበታል። እነዚህም በስድሳ ዓመት ዕድሜያቸው በስንት ባለቤትና በስንት ጋራዥ እጅ አልፈዋል! ሞተሩ ከአንዷ፣ ካምቢዮው ከሌላዋ የተለቀመ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ጣራዋ ብረት የነበረችውን በመጋዝ ቆርጦ «ታጣፊ ናት» ብሎ መሸጥ ነው። ፋብሪካው ታጣፊዋን ሲሠራ፤ የብረቱ ጣራ ይሰጥ የነበረው ጥንካሬ እንደሚጎድላት አስቦ ከወለሏ ሥርና ከሁለቱ ጎኖቿ ግርጌ ተጨማሪ ብረት አስገብቶላታል። በመጋዝ የተቆረጠችው ይህ የላትም፤ በጎርበጥባጣ መንገድ ወገቧ ይለምጣል፤ መዝጊያዎቿም አልገጥም ይላሉ። እንግዲህ የሚያሠጋው የገንዘቡ መጥፋት ብቻ አይደለም።

ለምሳሌ ያህል ፎርድ ሙስታንግ የተባለችውን፤ እ.ኤ.አ. የ1965 ሞዴል፤ እንውሰድ። ኮፋኖው ሲከፈት በሹፌሩ ወገን ባለው የውስጥ ላሜራ ላይ አሥራ አንድ ፊደልና አኃዝ ተመትቶ ይገኛል። ከመጀመሪያዎቹ የአንዲቱ ቁጥር «5 ኤፍ 08 ኤፍ 100001» ይላል። ይኸውም እንዲህ ይነበባል፤ 5 የ1965 ሞዴል መሆኗን፤ ኤፍ በዲርቦርን ፋብሪካ መገጣጠሟን፤ 08 ታጣፊ ጣራ እንዳላት፤ ሁለተኛው ኤፍ ሞተሯ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ባለ 260 ኪዩቢክ ኢንች መሆኑን ያመለክታል። የቀረው ተራ ቁጥሯ ነው። በዚህ ስፍራ 07 ተመትቶ ጣራዋ ሸራ ከሆነ፤ መጋዙ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።

ይህችን ባለ 100001 ቁጥር መኪና ስታንሊ ታከር የተባለ የካናዳ አውሮፕላን ነጂ ለሕዝብ መሸጥ ከመጀመሩ ጥቂት ቀን አስቀድሞ ገዛት። ኩባንያው ቆይቶ ቢጸጸት፤ እ.ኤ.አ. በ1966 አንድ ሚሊዮን አንደኛዋን ሙስታንግ ሰጥቶ አስመለሳት፤ ዛሬ በሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ትገኛለች።

በዘመን አቆጣጠር ረገድ እኛን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። «1965» የሚለውን አይቶ የእኛ ዓመተ ምሕረት የሚመስለው ሰው መኪናይቱን በሰባት ስምንት ዓመት ልጅ ያደርጋታል። ከዚህም በላይ የ1965 ሞዴል ተብላ ለገበያ የወጣችው ሚያዝያ 9 ቀን 1956 ዓ.ም. ስለሆነ፤ የሞዴሉ ዓመትና የተሠራችበት ዓመት አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

ሁለተኛው ምስክር በሹፌሩ መዝጊያ ጠርዝ ላይ የተቸነከረችው ትንሽ ሳሕን ናት። በእርሷ ላይ 76 የታጣፊዋ አካል ምልክት ነው፤ 65 ግን የብረት ጣራዋ። ኤም የሚለው ፊደል ነጭ ቀለምን፤ «12 ሲ» የሚለው መጋቢት 12 ቀን፤ እርግጥ በፈረንጆቹ ማርች፤ ለመሥራት መወሰኑን ይናገራል። የሽያጭ አውራጃዋ ቁጥር በ9 ከጀመረ ከአሜሪካ ውጭ ለሚገኝ ገበያ የታዘዘች ናት፤ ለእኛ ደስ የሚያሰኝ ምልክት ነው። ይሁን እንጂ ሳሕኒቱ ተነቅላ ትወጣለች፤ መዝጊያውም ከነሳሕኑ ይለወጣል፤ አስመስሎ የሚሠራትም ነጋዴ አለ። ከላሜራው ቁጥር ጋር ካልተስማማች እምነት የሚጣለው በላሜራው ላይ ነው።

ሞተሩን ለይቶ ማወቅ ግን አስቸጋሪ ነው። ከብርቱው ባለ 289 ሞተር በቀር፤ ፋብሪካው የመኪናይቱን ቁጥር በሞኖብሎኩ ላይ አልመታም። በቀለጠ ብረት ወጥቶ የሚነበበው፤ በሲና በ5 የሚጀምረው ቁጥር፤ ሲ ስድሳዎቹን፣ 5ም አምስተኛውን ዓመት የሚያመለክት የዕቃ ዓይነት ቁጥር ነው እንጂ የአንዱ ሞተር ብቻ መታወቂያ አይደለም፤ ብዙ ሺህ ሞተሮች ይጋሩታል። ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥር ተብሎ ይኸው ተጽፎ ሲገኝ ገዢው ሊደነግጥ አይገባውም፤ የሻንሲው ቁጥር ከላሜራው ጋር በአንዲት ፊደል እንኳ ቢለያይ ግን ስመ ንብረቱ ሳይዛወር ገንዘቡን ከኪሱ አያውጣ።

ለቀለሙ ደግሞ ዳሽቦርዱን ፈትቶ ከበስተኋላው ማየት ነው። ባትላሜራው ውጭውን አሥር ጊዜ ቢቀባው እዚያ ድረስ እጁን የሚያስገባው ከስንት አንዴ ነው።