ካሣው ለምን ይዋል?

አንባቢ ሆይ! ለጥቂት ደቂቃ ያህል በአሜሪካ አገር፥ በኖርዝ ካሮላይና ግዛት፥ የአንድ ካውንቲ ምክር ቤት አባል እንደሆንህ አድርገህ አስብ። ካውንቲ የሚሉትን እኛ አውራጃ ብንለው ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። ምክር ቤቱ ብዙውን ጊዜ አምስት ወይም ሰባት ተመራጮች የሚቀመጡበት ሸንጎ ነው፤ የትምህርት ቤቱ፥ የወህኒ ቤቱ፥ የአምቡላንሱና የጤና ጥበቃው ወጪ በእርሱ ፊት ይቀርባል። አሁን ደግሞ ከጠረጴዛው ላይ የካሣ ገንዘብ ቀርቧል።

የካሣው ምክንያት እንዲህ ነው። በ1996 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ፐርዱ ፋርማ የተባለው ኩባንያ ኦክሲኮንቲን የሚባል ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ለገበያ አወጣ። መድኃኒቱ ከኦፒየም ወገን ሆኖ ሳለ፥ ሱስ የማስያዝ ጠባዩ አነስተኛ እንደሆነ ለሐኪሞች ይነገራቸው ነበር፤ ይህ አነጋገር አሳሳች እንደነበረ የኩባንያው እኅት ድርጅት በ2007 በፍርድ ቤት አምኗል። በኪኒን የጀመረው ሱስ ወደ ሄሮይን፥ ከዚያም ፌንታኒል ወደሚባለው ዕፅ ተሸጋገረ። በ2021 ብቻ በአሜሪካ በዚህ ወገን መድኃኒትና ዕፅ የሞተው ሰው ከ80,000 በላይ ነው።

ከተሞች፥ አውራጃዎችና ግዛቶች በሺህ የሚቆጠር ክስ አቀረቡ። በሐምሌ 2021 ማኬሰን፥ ካርዲናል ሄልዝና አሜሪሶርስበርገን የተባሉት ሦስቱ አከፋፋዮች በ18 ዓመት ውስጥ እስከ 21 ቢሊዮን ዶላር፥ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ደግሞ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እስከ 5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል መስማማታቸው ተነገረ። ኖርዝ ካሮላይና ከዚህ ወደ 750 ሚሊዮን ዶላር ደረሳት፤ መቶዎቹም አውራጃዎቿ ፈረሙ። ግዛቲቱ 15 ከመቶውን ለራሷ አስቀርታ 85 ከመቶውን ለአውራጃዎችና ለከተሞች እንዲከፋፈል አደረገች።

ታዲያ ገንዘቡን እንደ ልብ ማዘዝ አይቻልም። ለዚህ ጥንቃቄ ምክንያት የሆነው የትምባሆ ነገር ነው። በ1998 የሲጋራ ፋብሪካዎች ለ46 ግዛቶች በ25 ዓመት ውስጥ 206 ቢሊዮን ዶላር ያህል ለመክፈል ተስማምተው ነበር፤ ሆኖም ከዚያ ገንዘብ ሕዝብን ከማጨስ ለማስጣል የዋለው ጥቂት ነው፤ የቀረው የበጀት ጉድለት ሲሸፍን ኖረ። ስለዚህ በአዲሱ ውል ቢያንስ 85 ከመቶው ሱሱ ያደረሰውን ጉዳት ለማቃለል እንዲውል ተጻፈ።

የኖርዝ ካሮላይና ስምምነት ለሸንጎው ሁለት መንገድ ያሳያል። አንደኛው መንገድ አጭር ነው፤ ጠቃሚነታቸው ከታወቀ አሥራ ሁለት ሥራዎች መካከል መምረጥ ይቻላል። ሱሰኛን በመድኃኒት ማከም፥ ከሱስ ለሚያገግም ማደሪያና ሥራ መፈለግ፥ ትንፋሹ ሊቋረጥ የደረሰውን ሰው የሚያድነውን ናሎክሶን ማደል ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ሁለተኛው መንገድ ረጅም ነው፤ ሐኪሙም፥ የሕግ አስከባሪውም፥ ከሱስ የዳነውም ሰው የሚመክርበት ዕቅድ ከወጣ በኋላ ከሰፊው ዝርዝር ይመረጣል። በየዓመቱም ቢያንስ አንድ ጊዜ ሕዝብ የሚገባበት ስብሰባ መደረግ አለበት።

ጭቅጭቁ ከዚህ ይጀምራል። ሸሪፉ አዲስ መኪና ቢጠይቅ፥ የአምቡላንስ ሹሙ ደመወዝ ቢጠይቅ ሐሰት ተናገሩ አይባልም፤ ሌሊት ለሌሊት ሱስ የጣለውን ሲያነሡ የኖሩት እነርሱ ናቸው። የሒሳብ ሹሙም በበኩሉ ድሮ በግብር ይከፈል የነበረውን ወጪ በካሣው መተካት ያምረዋል፤ ሁሉም ግዛት ይህን አይከለክልም። በጎረቤቲቱ በቴኔሲ የምትገኘው ግሪን ካውንቲ ከካሣዋ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለአውራጃው ዕዳ መክፈያ አውላለች። ሹሞቿ ሱሱ ያስከተለውን የቆየ ወጪ እንደ መተካት ቈጥረውታል። አባባሉ ለሒሳብ መዝገብ ይስማማ ይሆናል፤ ዛሬ ማታ መድኃኒት ለሚፈልገው ልጅ ግን ምን እንደሚጠቅመው አይታየኝም።

እኔ ከሸንጎው ብሆን ድምፄን የምሰጠው ለወህኒ ቤቱ ሕክምና ነው። ይህን ስል ፊቱን የሚያጨማድድ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ፤ እስረኛ ደግሞ ምን ሆነና ይላል። ነገር ግን ከ2000 እስከ 2015 ከኖርዝ ካሮላይና ወህኒ ቤቶች የተለቀቁት ሰዎች ሲጠኑ፥ በወጡ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በዚህ ዕፅ የመሞታቸው ዕድል ከሌላው የግዛቲቱ ሰው 40 ጊዜ ያህል ይበልጥ ነበር። በእስር ቤት ሰውነታቸው ዕፁን መቻል ይተዋል፤ ሲወጡ የቀድሞውን ልክ ይወስዳሉ፤ ይሞታሉ። በውስጥ ሳሉ ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን ጀምረው ሲወጡ እንዲቀጥሉ ማድረግ ከአሥራ ሁለቱ ሥራዎች አንዱ ነው። ምርጫ የሚያስገኝ ሥራ ግን አይደለም፤ መኪና ለሕዝብ ይታያል፥ ያልሞተ እስረኛ አይታይም።

ሸንጎው ከወሰነ በኋላ ውሳኔው በጽሑፍ ይሆናል። ገንዘቡ ከጠቅላላው በጀት ተለይቶ በራሱ ሒሳብ ይቀመጣል፤ ውሳኔውም የትኛው ሥራ እንደተመረጠ፥ ስንት እንደተመደበለትና እስከ መቼ እንደሆነ ለይቶ መናገር አለበት። ይህች «እስከ መቼ» የምትለዋ ቃል ለወጣት ሹም ታስቸግራለች። የአከፋፋዮቹ ክፍያ እስከ 2038 እየተቈራረሰ ይመጣል፤ ዛሬ በካሣው የተቀጠረችው የሠላሳ ዓመት ነርስ በዚያን ጊዜ ጡረታዋ ገና ሩቅ ነው፤ በሽተኞቿም በዚያው ዓመት መታመማቸውን እንዲያቆሙ በውሉ ላይ የተጻፈ ነገር የለም።