መርከብ ይጠብቅ የነበረ ከተማ

ከጎሬ ተነስቶ በቡሬ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ ጥቂት ሰዓት ሳይጓዝ ሹራቡን ያወልቃል። ጎሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያልፋል፤ ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዳገቱና ጉሙ ከኋላ ይቀራሉ፣ ሜዳው ይዘረጋል፣ ከደጋ እየተጣደፈ የወረደው ባሮም ይሰክናል። ወንዙ በክረምት መርከብ የሚሸከመው ከዚህ ጀምሮ ነው፤ የጋምቤላ ታሪክም ከዚህ ይጀምራል። አኝዋዎች ከዚያ አስቀድሞም በወንዙ ዳር ነበሩ። አዲሱ ነገር ወደቡ ነው።

በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የሱዳንን ድንበር ሲዋዋሉ አንድ ለየት ያለ አንቀጽ ገባ። በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አካባቢ፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ደግሞ ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ ቦታ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን በኪራይ ተሰጠ። ለጦርም ለፖለቲካም እንዳይውል ተከለከለ። ኪራዩ የሚቆየው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ነው፤ ይቺን ቃል አንባቢ ይያዝልኝ። ውሉ ኢታንግን ቢጠቅስም ጣቢያው የተተከለው ከዚያ ሽቅብ፣ ጋምቤላ ላይ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ብዙ ጊዜ ባጭሩ «ቡና በመርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር» ተብሎ ይታለፋል። ሥራው ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ባሮ መርከብ የሚያስገባው ሲሞላ ነው፤ ይኸውም ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ። በእነዚያ ወራት ደግሞ የደጋው መንገድ ጭቃ ነው፣ ወንዞቹ ሞልተዋል፣ የጭነት በቅሎ አይወጣም አይወርድም። የወለጋና የኢሉባቦር ቡና በበጋ፣ መሬቱ ሲደርቅ፣ ከሳዮና ከጎሬ በአጋሰስና በሸክም ይወርዳል፤ ሲደርስ ግን ወንዙ ቀንሷል። ጋምቤላ ያደገችው በዚህ አለመገጣጠም ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። መጋዘኖቹ፣ የግሪክ ነጋዴዎቹ ሱቆች፣ ጉምሩኩ፣ ሁሉም ከሁለት ወቅቶች መካከል የተንጠለጠለውን ዕቃ ያስተናግዱ ነበር። ቡናው፣ ሰሙና ቆዳው መርከብ ይጠብቃል፤ መርከቡ ያመጣው ጨውና አቡጀዲ ደግሞ ደረቅ መንገድ ይጠብቃል። ወደ ካርቱም ቁልቁል 7 ቀን፣ ሽቅብ 11 ቀን ይፈጅ ነበር። የዘገየ ካፒቴን ውኃው ቢሸሽበት የሚቀጥለውን ክረምት ከመጠበቅ በቀር ምርጫ አልነበረውም። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ይህንን ንግድ በዝርዝር አጥንተውታል፤ ጉዳዩን ማወቅ የሚሻ ከእሳቸው ቢጀምር አይሳሳትም።

ጣሊያን መጣ፣ ሄደ። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ጋምቤላን ያስለቀቁት ከእንግሊዝ ጦር ጋር የተሰለፉ አፍሪካውያንና ከቤልጅግ ኮንጎ የመጡ ወታደሮች ናቸው፤ ከዚያ ሽቅብ ወጥተው ሳዮ ላይ የጣሊያኑን ጄኔራል ጋዜራን ማረኩ። ኪራዩ ግን ቀጠለ። ያቺ የውል ቃል ሥራዋን የሠራችው ሱዳን ነፃ ስትወጣ ነው፤ ቦታው በጥቅምት 1949 ዓ.ም. ያለ አንድ ጥይት ለኢትዮጵያ ተመለሰ። መርከቦቹ ግን እየሳሱ ሄዱ፣ የሱዳን የርስ በርስ ጦርነትም አስቀራቸው። መኪና መንገዱ ሲሻሻል ቡናው ፊቱን ወደ አዲስ አበባ አዞረ።

ዛሬ ጋምቤላ የክልል መዲና ናት፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ገበያው ውስጥ ኑዌርኛ፣ አኝዋኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ዋጋ ክርክር ውስጥ ሲቀላቀሉ መስማት ብርቅ አይደለም። ማንጎው ጥላም ምግብም ነው። በበጋ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲጠጋ ከተማው ከሰዓት በኋላ ይፈዛል፣ ማታ ይነቃል። አዞ መኖሩን የማያውቅ ባይኖርም ሰው ባሮ ወርዶ ይታጠባል፤ የት እንደሚገባና የት እንደማይገባ የሚያውቀው ያደገበት ሰው ነው፣ እንግዳ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ወንዙ ጭነቱን ቢተውም የጊዜ ሰሌዳውን አልተወም። ውኃው ሲሸሽ አኝዋው በረጠበው ደለል ላይ በቆሎ ይዘራል። ኑዌሩ በክረምት ከጎርፉ ሸሽቶ ከፍ ወዳለ መሬት፣ በበጋ ከብቱን ይዞ ወደ ወንዝ ዳር ይሄዳል። በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በሰኔ 2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የማጃንግ ደን ውስጥ፣ የማጃንግ ሰው ቀፎውን ዛፍ ላይ ይሰቅላል። ጎግ በኩል ታታ ሐይቅ አለ፤ አቦቦ ላይ በደርግ ጊዜ የተገደበው አልዌሮ አለ። በብሔራዊ ፓርኩ ሜዳ ደግሞ ነጭ ጆሮ ቆርኬ በብዙ ሺህ እየሆነ ከደቡብ ሱዳን ቦማ ወዲህና ወዲያ ይመላለሳል።

ድንበሩን ሰውም ይሻገራል። ከታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ወዲህ የአገራቸው ጦርነት ያፈናቀላቸው ደቡብ ሱዳናውያን በመቶ ሺዎች ወደ ክልሉ ገብተው በኩሌ፣ በቲርኪዲ፣ በጀዊና በሌሎች ካምፖች ሰፍረዋል። የሚመገቡት እህል በመኪና ከደጋ ይወርዳል፤ በቅሎዎቹ ቡና ጭነው ይወርዱበት በነበረው በዚያው በጎሬ መንገድ።