ስለ ጠምበለል ሐረግ አተካከል

ሐረግ ሲባል ሊቃውንቶቻችን ከዘር ቈጠራው ሌላ ሁለት ነገር ያስባሉ፤ አንዱ በዛፍ ላይ ተጠምጥሞ የሚወጣው ተክል፣ ሁለተኛውም በብራና መጻሕፍት ራስጌ በኅብረ ቀለም የሚሳለው ጌጥ ነው። የብራናውን ሐረግ አባቶቻችን ጠብቀው አቈይተውልናል፤ የዱሩ ሐረግ ግን ደኑ በተመነጠረ ቍጥር ከዛፉ ጋራ አብሮ ይጠፋል።

ለደጋው አገር ከሚስማሙት የአበባ ሐረጎች አንዱ ጠምበለል ነው። አበባው ነጭ፣ መዓዛውም ደስ የሚያሰኝ ሲሆን፣ የዕፀዋት ተመራማሪዎች «ጃስሚኑም አቢሲኒኩም» ብለው በአገራችን ስም ጠርተውታል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ስላለች፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ድረስ ውርጭ ለጋውን ቅጠል ያቃጥላል። አንኮበር ግን በተራራ ላይ የተሠራች ስለ ሆነች ብርዱ አየር ቍልቍለቱን ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ በደብረ ብርሃን ጠምበለልን የሚተክል ሰው ወደ ምዕራብ የሚመለከት የድንጋይ ግንብ ይምረጥ፤ ግንቡ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል፤ የማለዳውም ፀሐይ ውርጭ ያረፈበትን ቅጠል በድንገት አይመታውም።

ጕድጓዱ አንድ ክንድ ጥልቀት ይኑረው፤ አፈሩም ከበሰበሰ ፍግ ጋራ ይደባለቅ። ዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ስለሚያቍር መደቡን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ሐረጉ የሚጠመጠምበት ሸምበቆ ወይም ሽቦም ይዘጋጅለት።

መሬት የሌለው ሰው በገንቦ ሊተክለው ይችላል። የገንቦው ቂጥ ይበሳ፤ ከሥሩ ጠጠር ይነጠፍ፤ አፈር፣ ፍግና አሸዋ ተደባልቆ ይሞላ። የገንቦ አፈር ቶሎ ስለሚደርቅ ውሃ አይቋረጥበት፤ የገንቦው ጥቅም ግን በውርጭ ሌሊት ወደ ታዛ መግባቱ ነው።

ችግኝ ለማግኘት ሲባል ሐረጉን ከደን መንቀል አይገባም። በክረምት መግቢያ አንዱን ቅርንጫፍ ከእናቱ ሳይቈርጡ ጐንበስ አድርጎ ወገቡን በአፈር መቅበር ነው፤ ሥር ሲሰድ ቈርጦ ማዛወር ይቻላል። እናቲቱም በቦታዋ ትኖራለች።

የመሥሪያ ቤት ቅጥርና የቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ለዚህ ሥራ የተመቹ ናቸው። ሹሙ በደጃፉ፣ ካህኑም በደብሩ አንድ አንድ ሥር ቢተክሉ፣ ሕዝቡ ከቃል ይልቅ በዓይኑ አይቶ ይማራል፤ የብራናው ሐረግ ተጠብቆ እንደ ኖረ ሁሉ የዱሩም ሐረግ ለልጆቻችን ይተርፋል።