የት እንግባ?

አዲስ አበባ ላይ ጓደኛሞች ሲገናኙ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው «የት እንግባ?» ነው። ቤቱ ከተመረጠ ምግቡ አብሮ ተመረጠ ማለት ነው። ሥጋ ቤት የገባ ጥብስ ወይም ቁርጥ ያዛል፤ ክትፎ ቤት የገባ ክትፎውን ከአይብና ከጎመን ጋር፤ ጁስ ቤት የገባ አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው ከላይ የተደረበ ስፕሪስ፤ ጠዋት ቁርስ ቤት የገባ ደግሞ ፉል ወይም ጨጨብሳ። አብዛኛው ቤት በአንድ ነገር ይታወቃል፣ ደንበኛውም በዚያው ይመዝነዋል። ከፒዛ እስከ ዱለት ሁሉንም እሠራለሁ የሚል ረጅም ሜኑ ሲሰጡኝ፣ እኔ በበኩሌ ማኪያቶ ጠጥቼ መውጣቱን እመርጣለሁ።

ምርጫው የሚከብደው ሰው ሲበዛ ነው። አምስት ሆናችሁ ተገናኛችሁ እንበል። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ከመካከላችሁ የሚጾም አይጠፋም። ጾሙን ጠበቅ አድርጎ የያዘው ደግሞ ቀኑ ገፋ እስኪል ምንም አይቀምስም። የፍስክ ቀን ቢሆን ሙስሊሙ የክርስቲያን እርድ፣ ክርስቲያኑ የሙስሊም እርድ አይበላም፤ ለዚህም ነው ሥጋ የሚያቀርቡ ቤቶች በራፍ ላይ መስቀል ወይም ጨረቃና ኮከብ ተስሎ የምታዩት። ዓሣ ያስታርቃል የሚል አለ፤ እሱም ቢሆን በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እስካሁን አልበረደም። የአንዱ ኪስ በወር መጨረሻ ባዶ መሆኑንም ሁሉም ያውቃል፣ የሚናገር ግን የለም። ታዲያ ይህን ሁሉ ችሎ አምስቱንም አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ቤት የትኛው ነው? ብዙ ጊዜ መልሱ ካፌ ነው፤ ካፌ ካልሆነም የጾም በያይነት የሚያቀርብ ምሳ ቤት። አዲስ አበባ በካፌ የተሞላችው ሰዉ ቡና ስለሚወድ ብቻ አይመስለኝም። ቡናማ በየቤቱ አለ።

ገንዘብ ከፍሎ ውጭ መብላት ራሱ እዚህ አገር ረጅም ዕድሜ የለውም። እቴጌ ጣይቱ ፒያሳ ላይ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ፣ ምግብ በገንዘብ መብላት እንደ ነውር ይታይ ስለነበር የሚገባ ሰው ጠፍቶ፣ አፄ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ገብተው እንዳስለመዱ ይነገራል። ዛሬ በዚያው ሆቴል ብዙ ሰው የሚያውቀው በምሳ ሰዓት የሚደረደረውን የጾም ቡፌ ነው። በማሽን የሚፈላው ቡና ደግሞ ከጣሊያኖች ጋር የመጣ ነው። ወረራው አምስት ዓመት ቆይቶ በ1933 ዓ.ም. ሲያበቃ ማኪያቶውና ኬኩ እዚሁ ቀሩ። ፒያሳ ያለው ቶሞካ በ1953 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሲሆን ስሙም «ቶሬፋሲዮኔ ሞደርና ካፌ» ከሚለው የጣሊያንኛ መጠሪያ የተቆረጠ ነው፤ ዘመናዊ የቡና መቁያ እንደማለት። እዚያ ቡና የሚጠጣው በአብዛኛው በቁም፣ ረጃጅሞቹ ጠረጴዛዎች ላይ ክንድን አሳርፎ ነው። የቆላው ሽታ ልብስ ላይ ስለሚቀር የት እንዳመሸህ ቤት ስትገባ መናገር አያስፈልግህም።

ማኪያቶ ከጣሊያን ይምጣ እንጂ እዚህ የራሱን ጠባይ ይዟል። በትንሽ ብርጭቆ ሲቀርብ ከታች ወተቱ፣ መሐል ላይ ቡናው፣ ከላይ አረፋው ለየብቻው ይታያል። ማሽኑ ላይ ያለው ልጅ አንድ እጁ የቡናውን መያዣ ሲያጠብቅ ሌላው የወተቱን ጣሳ እንፋሎቱ ስር ይዞ ያሽከረክራል፤ ጆሮው ግን አስተናጋጇ ላይ ነው። «ሁለት ማኪያቶ፣ አንዱ ጠቆር ይበል! አንድ ሻይ በሎሚ! አንድ ስፕሪስ!» የመጨረሻው ስፕሪስ የፍራፍሬው አይደለም፤ ሻይና ቡና በአንድ ብርጭቆ የሚቀላቀሉበት ነው። ወረቀት ላይ የሚጽፍ የለም። ሲደርሱም ጠቆር ያለው የአንተ፣ ነጣ ያለው የጓደኛህ መሆኑ አይሳትም። አዲስ ካፌ ስገባ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው፤ የግድግዳው አበባና በመብራት የተጻፈው ጥቅስ ፎቶ ለሚነሳ ሰው ይሁን። በሁዳዴ፣ ማለትም በሃምሳ አምስቱ ቀን፣ ወተቱ ሲቀር ብዙዎቹ ካፌዎች የጾም ኬክና የጾም ፒዛ ያወጣሉ፤ የኦቾሎኒ ሻይም ያኔ ገበያው ይደራል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ሲገቡ በየካፌው ቀን ቀን ቀዝቀዝ፣ ማታ ማታ ግርግር ነበር።

ምሳ ቤት ሌላ ዓለም ነው። ጥሩ ጥሩዎቹ ዋና መንገድ ላይ የሉም፤ የዋና መንገድ ኪራይ ሽሮ ሸጦ የሚከፈል አይደለም። ያሉት ሕንጻ ምድር ቤት፣ ጋራዥ ጓሮ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር፣ አለዚያም የግለሰብ ግቢ ውስጥ ነው። አንዳንዶቹ ታፔላ እንኳ የላቸውም፤ በር ላይ በእስክሪብቶ «ምግብ አለ» የሚል ካርቶን ይሰቅላሉ፣ አይሰቅሉምም። የመሥሪያ ቤት ክበቦችም አሉ፤ ለሠራተኛው ተብለው የተከፈቱ፣ የውጭ ሰውም የሚገባባቸው፣ ዋጋቸው ከአካባቢው ዝቅ የሚል። እንዲህ ያለውን ቤት የሚያውቁት የታክሲ ሾፌሮች፣ ረዳቶችና በአካባቢው የሚሠሩ የባንክ ልጆች ናቸው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አንገታቸው ላይ መታወቂያ ያንጠለጠሉ ልጆች በቡድን ወደ አንድ ቅያስ ሲገቡ ካየህ ተከተላቸው።

ገብተህ ከተቀመጥክ በኋላ ቤቱን ለመፈተን ውድ ነገር ማዘዝ አያስፈልግም። ሽሮ ተጋቢኖ እዘዝ። ሥጋ በቅቤና በሚጥሚጣ ብዙ ጉድ ይሸፍናል፤ ሽሮ ግን ከሽንኩርቱ ቁሌት በቀር መሸሸጊያ የለውም። በሸክላ ድስት እየተንተከተከ መጥቶ ጠረጴዛው ላይም መፍላቱን ካላቆመ፣ ዘይቱ ጫፍ ጫፉን ከወጣ፣ ሽንኩርቱም ጨርሶ ከጠፋ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ከወዲሁ ተያዘ ማለት ነው። ከዚያ እንጀራው፦ ዓይኑ ጥቅጥቅ ብሎ ሲጠቀለል የማይሰበር መሆን አለበት። ጤፍ ከተወደደ ወዲህ ሩዝና ሌላ እህል የሚቀላቅል ቤት በዝቷል፤ ቅልቅሉ ወደ ማታ ሲደርቅ ራሱን ያጋልጣል። ብዙ ሆናችሁ ገንዘብ ያጠራችሁ ዕለት «ማኅበራዊ» የሚሉት አለ፤ ከወጡም ከፍርፍሩም ከፓስታውም አንድ ትሪ ላይ ተቀላቅሎ የሚቀርብ። ከዚያም በታች ተማሪ የሚያውቀው እርጥብ አለ፦ ዳቦ ውስጥ የተጠበሰ ድንች፣ ላዩ ላይ ቲማቲምና ቃሪያ፣ እጅ የሚያቃጥል።

ከለመዱት ወጣ ማለት የፈለጉ ቦሌ ሚካኤል ይውረዱ። ሠፈሩ የሶማሌዎች መኖሪያ ከሆነ ቆይቷል፤ ሩዙ ከፍየል ሥጋ ጋር በሰፊ ትሪ ይመጣል፣ አጠገቡም ሙዝ ይቀመጣል። ሙዙ ከምግብ በኋላ የሚበላ መስሎት ወደ ጎን የሚያደርግ ሰው እንግዳ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል፤ ከሩዙ ጋር ነው የሚጎረሰው። የየመኖቹ ቤቶች ደግሞ በአገራቸው ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በቦሌና በአካባቢው በርከት ብለዋል፤ ከምድጃ የሚወጣው ሰፊ ዳቦ ለአራት ሰው ይበቃል።

በዚህ ሁሉ ላይ በቅርብ ዓመታት አንድ ሥራ ተጨምሯል፤ የጠፋ ቤት ፍለጋ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ከፒያሳ ዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 ደግሞ ከካዛንቺስ ብዙው ፈርሷል። ሁለቱም የታወቁ የመብያ ሠፈሮች ነበሩ፤ በተለይ ካዛንቺስ ማታ የማይተኛ። ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ሲሄድ ምግብ ቤቱም አብሮ ተበተነ። አሁን ጓደኛ ለጓደኛ የሚደውለው «አዲስ ቤት አገኘሁ» ለማለት ብቻ አይደለም፤ «የዚያች የዱለት ቤት ሴትዮ አራብሳ ገብታለች አሉ» ለማለትም ነው። አንዳንዱ ስልክ ቁጥሩን ደንበኛ ዘንድ ትቶ ሄዷል፤ አንዳንዱ የድሮ ሠፈሩን ስም ታፔላው ላይ ጽፎ ለሚ ኩራ ወይም ገላን ላይ ከፍቷል። ከድሮ ሠፈሩ ድረስ የሚመጣ ደንበኛ ያለው ቤት ደንበኛውን በምን እንደያዘው ለማወቅ እንኳ ሁለት ታክሲ መቀየር አያስቆጭም። ጣዕሙ ግን ሁሌ አብሮ አይሄድም፤ ሠራተኛ ይቀየራል፣ ውኃው ይለያል፣ ቤቱም ገና ጭስ አልጠገበም።

ስለ አዲስ ቤት አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የተከፈተ ሰሞን ባለቤቱ ራሱ በር ላይ ቆሞ ይቀበላል፣ ሥጋው ይበዛል፣ አስተናጋጁ ይሮጣል። ቲክቶክ ላይ የምታዩት አድናቆት አብዛኛው የዚያ ሰሞን ነው። ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ መሄድ ይሻላል፤ ያኔ ቤቱ በደህናው ቀኑም በክፉውም ይታያል።

ሜኑውን ስትገልጡ ደግሞ ግርጌውን አንብቡ። በደቃቅ ጽሑፍ «ዋጋው ቫትን አይጨምርም» የሚል ካለ 15 በመቶ ይደመራል፤ ሰርቪስ ቻርጅ 10 በመቶ የሚያክሉም አሉ። ይህን ያላየ ጋባዥ ደረሰኙ ሲመጣ ፊቱ ይለዋወጣል። ግብዣ ካልነው፣ ሒሳብ መካፈል በወጣቶቹ ዘንድ እየተለመደ ነው፤ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ በኋላ አንዱ ይከፍልና ሌሎቹ ድርሻቸውን እዚያው ይልኩለታል። ትልልቆቹ ግን አሁንም የአስተናጋጇን እጅ ይዘው «ከእሱ እንዳትቀበዪ!» እያሉ ይታገላሉ። ከእነሱ ጋር ከወጣህና የእውነት መክፈል ካሰብክ፣ እጅ ልታጠብ ብለህ ተነሥና ካሸሯ ጋ ጨርሰህ ተመለስ።