ኦልድ ታውን (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ኦልድ ታውን (ትርጉሙ «አሮጌው ከተማ») በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት የምትገኘው የአሌክሳንድሪያ ከተማ ታሪካዊ ሰፈር ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ በስተደቡብ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በፖቶማክ ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ ይገኛል። የከተማዋ ስም ከግብጿ እስክንድርያ ጋር ቢመሳሰልም የመጣው የመሬቱ ባለቤት ከነበረው የአሌክሳንደር ቤተሰብ ነው። ሰፈሩ በቀይ ጡብ ቤቶቹና በወንዝ ዳር መናፈሻዎቹ ይታወቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ከአገሪቱ ዋና ዋና የባሪያ ንግድ ቦታዎች አንዱ ስለ ነበር፣ ወንዝ ዳሩን ብቻ አይቶ የሚመለስ ጎብኚ የታሪኩ ግማሽ ያመልጠዋል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

አመሠራረት

አሌክሳንድሪያ በ1749 በቨርጂኒያ ቅኝ ግዛት ምክር ቤት ውሳኔ ተቆረቆረች። ከዚያ በፊት በቦታው የትምባሆ መጋዘን ነበረ፤ የአካባቢው ትምባሆ እዚህ ተመርምሮ በመርከብ ወደ ብሪታንያ ይላክ ነበር። በኋላ የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆነው ጆርጅ ዋሽንግተን ገና ወጣት ቀያሽ ሳለ የቦታውን ካርታ ነድፏል።

የወንዙ ዳርቻ

ዛሬ ጎብኚዎች የሚንሸራሸሩበት ወንዝ ዳር በከፊል ሰው የሠራው መሬት ነው። መጀመሪያ በቦታው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ጥልቀት የሌለው የባሕር ሰላጤ መሰል ውኃ ነበር። ትልልቅ መርከቦች ወደ ዳር መጠጋት ስላልቻሉ ነዋሪዎቹ ከፍ ያለውን ዳርቻ እየቆረጡ አፈሩን ወደ ውኃው ሞሉት። ለመሙያ ያገለገሉ አሮጌ መርከቦችም ነበሩ፦ በ2015 ለሆቴል ግንባታ መሬት ሲቆፈር የ18ኛው ክፍለ ዘመን መርከብ ቅሪት ተገኘ፤ በ2018 ደግሞ በአቅራቢያው ሌሎች ሦስት ተገኙ። ቅሪቶቹ ሊድኑ የቻሉት ከተማዋ በ1989 ባወጣችው ደንብ ምክንያት ነው፤ ደንቡ ትልልቅ ግንባታዎች ከመጀመራቸው በፊት የአርኪዮሎጂ ጥናት እንዲደረግ ያዛል። የተሞላው መሬት ዝቅተኛ ስለሆነ የኪንግ ጎዳና ታችኛው ጫፍ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ወይም የወንዙ ውኃ ሲሞላ በጎርፍ ይጥለቀለቃል።

የባሪያ ንግድ

ከ1828 እስከ 1836 «ፍራንክሊንና አርምፊልድ» የተባለው የባሪያ ነጋዴዎች ድርጅት መቀመጫው በዱክ ጎዳና ቁጥር 1315 ነበር። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ትምባሆ መሬቱን ስላዳከመው የሠራተኛ ፍላጎት ሲቀንስ፣ በደቡብ ደግሞ የጥጥ እርሻ እየተስፋፋ ነበር። ድርጅቱ በዚህ ልዩነት አተረፈ። ሰዎችን ከቤተሰባቸው ለይቶ እየገዛ በቤቱ ግቢ ያጉራቸዋል፤ ከዚያም በራሱ መርከቦች ወደ ኒው ኦርሊንስ፣ ወይም በሰንሰለት አስሮ በእግር ወደ ሚሲሲፒ ይልካቸዋል።

አሌክሳንድሪያ በዚያን ጊዜ የዋሽንግተን ዲሲ አካል ነበረች። በ1847 ወደ ቨርጂኒያ ተመለሰች። ለመመለሷ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ በዲሲ የባሪያ ንግድ ሊከለከል ይችላል የሚል ስጋት ነበር። ክልከላው በእርግጥ በ1850 ሲመጣ አሌክሳንድሪያን አልነካትም። በቁጥር 1315 ሌሎች ነጋዴዎች ሥራውን ቀጠሉ፤ ያበቃውም በግንቦት 1861 የሰሜኑ ጦር ከተማዋን ሲይዝ ነው። ቤቱ ዛሬ «ፍሪደም ሃውስ» የተባለ ሙዚየም ነው።

በጦርነቱ ጊዜ ከባርነት ያመለጡ ብዙ ሰዎች ወደ ከተማዋ ገቡ። በበሽታና በችግር ከሞቱት መካከል ከ1,700 የሚበልጡት ከ1864 እስከ 1869 በከተማዋ ደቡባዊ ጫፍ ተቀበሩ። መቃብሩ ኋላ ተረስቶ በ1950ዎቹ ነዳጅ ማደያ ተሠራበት። በ2014 ግን ቦታው ተመልሶ የመታሰቢያ ስፍራ ሆነ።

ጥበቃ

በ1946 ሰፈሩ በሕግ የሚጠበቅ ታሪካዊ ክልል ተባለ። በወንዙ ዳር ያለው የቶርፔዶ ፋብሪካ ግንባታው የተጀመረው በኅዳር 1918፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግስት ነበር። ከ1974 ጀምሮ ሠዓሊዎችና ቀራጮች በጎብኚ ፊት የሚሠሩበት የሥነ ጥበብ ማዕከል ሆኗል።

ለአንድ ቀን ጉብኝት

ከዋሽንግተን የሚነሳ ሰው በሜትሮ ባቡር ሰማያዊ ወይም ቢጫ መስመር ኪንግ ስትሪት ጣቢያ ይወርዳል። ከጣቢያው እስከ ወንዙ በኪንግ ጎዳና 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መራመድ ለማይፈልግ ያለ ክፍያ የሚያመላልስ መኪና አለ። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በሚሄዱት ጎዳናዎች የቤት ቁጥሮች የሚጀምሩት ከወንዙ ስለሆነ፣ ቁጥሩ እያነሰ ከሄደ ወደ ውኃው እየቀረቡ ነው ማለት ነው።

ፍሪደም ሃውስ ከወንዙ ይልቅ ለጣቢያው ስለሚቀርብ ጉብኝቱን ከእርሱ መጀመር ይመረጣል። ሙዚየሞቹ ሁሉም በየቀኑ ስለማይከፈቱ የሥራ ሰዓታቸውን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከዚያ በኪንግ ጎዳና ሲወረድ የገበያ አደባባዩ ይገኛል፤ ቅዳሜ ጠዋት ገበሬዎች ምርታቸውን ይሸጡበታል። አጠገቡ በ1753 የተጠናቀቀው የነጋዴው የጆን ካርላይል የድንጋይ ቤት ቆሟል። በኩዊን ጎዳና ያለው «ስፓይት ሃውስ» ደግሞ ስፋቱ ከ2 ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በ1830 የተሠራው በሁለት ቤቶች መካከል የነበረውን መተላለፊያ ለመዝጋት ነው። በፕሪንስ ጎዳና ታችኛው ክፍል የጥንቱ የኮብልስቶን ንጣፍ አሁንም ስላለ ጠንካራ ጫማ ይመከራል። የቀኑ መጨረሻ የቶርፔዶ ፋብሪካውና ወንዝ ዳሩ ይሆናሉ።

በአሌክሳንድሪያና በአካባቢዋ ብዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ የከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለወላጆች መረጃ ከሚያቀርቡባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ከኢትዮጵያ ዘመድ ሊጠይቅ ለመጣ እንግዳ ኦልድ ታውን ቅርብና ብዙ ወጪ የማይጠይቅ መዳረሻ ነው።