ቁስል የሚያደርቅ ቅጠል ዕጢ ያጠፋል?

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ገጠር ማጭድ የቆረጠው ጣት መጀመሪያ የሚያገኘው መድኃኒት ከጓሮና ከአጥር ጥግ ነው። የብሳና ቅጠል ሲቀነጠስ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ቁስሉ ላይ ይደረጋል፤ እንዳሁላ ለብ ተደርጎ ይታሰራል። ይህን እውቀት ተራ ልማድ ብሎ መናቅ አይገባም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 የእንዳሁላን ቅጠል፣ በ2015 ደግሞ ቅቤ ሲነጠር የሚጨመረውን የመቅመቆ ሥር በአይጦች ላይ ሞክረው ሁለቱም ቁስል የማዳን አቅም እንዳላቸው አሳይተዋል። አሠራሩ ግልጽ ነው፤ የአይጧ ጀርባ ይላጫል፣ ቆዳው በልክ ይቆረጣል፣ ከተክሉ ተነጥሮ የወጣው ነገር ከቅባት ጋር ተቀላቅሎ ይቀባል። ሌሎቹ አይጦች ባዶ ቅባት ወይም የታወቀውን የቁስል መድኃኒት ናይትሮፉራዞን ይቀባሉ፤ ከዚያ የማን ቁስል ቶሎ እንደጠበበ ይለካል። የአይጥ ቆዳ የሰው ቆዳ ባይሆንም፣ የአያቶችን ቃል በመለኪያ ማየት የተጀመረው እንዲህ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ቁስል ያደረቀ ቅጠል የአንጎል ዕጢም ያጠፋል ሲባል ነው። ቁስል ሲድን ሰውነት አዳዲስ የደም ሥሮች ያበቅላል፣ ሴሎችን ያባዛል፣ ክፍተቱ ሲሞላ ግን ሥራውን ያቆማል። አሜሪካዊው የሥነ ደዌ ሊቅ ሃሮልድ ድቮራክ እ.ኤ.አ. በ1986 ዕጢ የማይድን ቁስል ነው ብለው ጽፈዋል፤ ዕጢ ያንኑ የመጠገኛ ሥራ ጠልፎ ማቆሚያ ያሳጣዋልና። ስለዚህ የሴልን እድገት የሚያፋጥን ተክል ለቁስል በጀ ማለት ለዕጢ ይበጃል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም በተቃራኒው ሊሆን ይችላል።

ግሊዮብላስቶማ የተባለው ክፉ የአንጎል ዕጢ በዚህ ላይ ሌላ መከራ አለው። ሴሎቹ እንደ ሰርዶ ሥር በጤናማው አንጎል ውስጥ ይሰርጋሉ፤ ሐኪሙ ደግሞ ንግግርና እንቅስቃሴ የሚመሩ ክፍሎችን ሳይጎዳ ሁሉንም ጠርጎ ማውጣት አይችልም። ስለዚህ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ያገረሻል፤ ብዙ ጊዜም ከተቆረጠበት ቦታ አጠገብ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የአውሮፓና የካናዳ ትልቅ ጥናት ከጨረር ሕክምና ጋር ቴሞዞሎማይድ የተባለ መድኃኒት መውሰድ ታካሚዎች በሕይወት የሚቆዩበትን መካከለኛ ጊዜ ከ12.1 ወደ 14.6 ወር ከፍ ማድረጉን አሳየ። በሕክምናው ዓለም ይህ ትልቅ እርምጃ ተብሎ ተቆጠረ። የዓለም ሳይንስ ወራት ለመጨመር ይህን ያህል በሚታገልበት በሽታ ላይ አንድ ጭብጥ ቅጠል ፈውስ ነው ማለት በተጨነቀ ቤተሰብ ተስፋ መነገድ ነው።

የካንሰር መድኃኒት ራሱ ከዕፅዋት አይወጣምን የሚል ይኖራል። ይወጣል፤ ምሳሌውም ከእኛው ምድር ነው። ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ የአጣጥ ወገን ቁጥቋጦ ኬሚስቱ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ሜይታንሲን የተባለ ንጥረ ነገር አገኙ። ነገር ግን ለሰው ሲሰጥ መርዝነቱ ከጥቅሙ አመዘነና ተተወ። ከዓመታት በኋላ የተሻሻለው ዘሩ የካንሰርን ሴል ለይቶ ከሚይዝ ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ዓይነት የጡት ካንሰር ተፈቀደ። ከቁጥቋጦው እስከ ታማሚዋ አርባ ዓመት አለፈ። አጣጥን ቀቅሎ የጠጣ ሰው ያንን መድኃኒት አያገኝም።

ሆስፒታል ሩቅ ነው፣ ገንዘብም የለም የሚለው ግን እውነተኛ ቅሬታ ነው፤ የቁስል ዕፅዋት ጥናት ከአይጥ አልፎ በሰው ላይ በጥንቃቄ ሊቀጥል የሚገባውም ለዚህ ነው። የባህል መድኃኒት አዋቂዎቻችንም ከተገኘው ጥቅም ድርሻቸውን ሊያገኙ ይገባል፤ የ1998ቱ አዋጅ ቁጥር 482 ማኅበረሰብ በእውቀቱ ላይ መብት እንዳለው ደንግጓል። እስከዚያው ትንሽ ቁስል በንጹሕ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፤ ጥልቅ ከሆነ ወይም አፈርና እበት ከነካው ለመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ጤና ጣቢያ ይታይ። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት ከጠዋት ትውከት ጋር የያዘው፣ ወይም በጎልማሳነቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጥል በሽታ የታየበት ሰው ካለ ጸበሉን አያቋርጥ፤ ነገር ግን ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ውሰዱት።