ምርጫው የባለቢላው ነው

ደባርቅ ላይ ቁርጥ ሊበላ ልኳንዳ ቤት የገባ ሰው በሁለት መንገድ ያዛል። አንደኛው ከተሰቀለው ሥጋ ፊት ቆሞ «ከዳቢቱ ግማሽ ኪሎ፣ ሻኛም ጣል አድርግበት» እያለ በጣቱ ማሳየት ነው። ሁለተኛው የቤቱ ደንበኛ መንገድ ነው፤ ገብቶ ይቀመጥና «አንተ ታውቃለህ፣ ከጥሩው ቁረጥልን» ይላል። ቆራጩ ቢላውን በሞረድ ሳብ ሳብ አድርጎ፣ ብልቱን በዓይኑ ከቃኘ በኋላ «ጋሼ፣ ዛሬስ ሽንጡ ይሻልዎታል፤ ሻኛው ጮማ በዝቶበታል» ብሎ ይፈርዳል። ጃፓኖች በዚህ በሁለተኛው መንገድ ላይ ከዓለም ውድ ገበታዎች አንዱን መሥርተዋል። ኦማካሴ ይሉታል፤ ምርጫውን ለባለሙያው መተው ማለት ነው።

የጥሬ ዓሣ ገበታ ከባሕር ለራቀ ደጋ ሰው እንግዳ ነገር ይመስላል። ጥሬ ለመብላት በሌላ ሰው እጅና ቢላ ማመን ምን እንደሚጠይቅ ግን የስሜን ተራሮች ግርጌ ሰው አሳምሮ ያውቃል።

ባንኮኒው

ኦማካሴ ቤት ውስጥ ሜኑ የሚጠይቅ የለም። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጠው ከስምንት እስከ አሥር ሰው ነው። እንግዶች በአንድ ረጅም የእንጨት ባንኮኒ ፊት ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ባንኮኒው ብዙውን ጊዜ ሂኖኪ ከሚባል፣ ከሀገራችን ጽድ ጋር በዘር ከሚዛመድ ዛፍ ይሠራል። ከባንኮኒው ማዶ ባለሙያው ቆሟል፤ ዓሣው፣ ሩዙና ቢላው በፊቱ ናቸው። ዋናው ሥራ ሁሉ እንግዳው እያየ ይከናወናል። እንግዳው ቀጠሮ ሲይዝ የማይስማማው ምግብ ካለ ይናገራል እንጂ ይህን አምጡልኝ፣ ያንን ተዉልኝ አይልም።

መጀመሪያ ትንንሽ ማስጀመሪያዎች ይቀርባሉ፤ ከዚያ ኒጊሪ ይከተላል። ኒጊሪ በሆምጣጤና በጨው የተቀመመ ሩዝ በእጅ ተጨብጦ፣ በላዩ ስስ የዓሣ ቁራጭ የሚጋደምበት አንድ ጉርሻ ነው። ባለሙያው አንድ በአንድ እየሠራ እያንዳንዱን በእንግዳው ፊት ያኖራል። አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ካለው ነጭ ዓሣ ይነሣና ወደ ቱና ያልፋል። ቱናውንም ከቀዩ ሥጋ ጀምሮ ቶሮ እስከሚባለው ጮማ የሆድ ሥጋ ድረስ ያስከትላል። በመካከሉ በሆምጣጤ የታሸ ዓሣና ሌላም የባሕር ፍጥረት ይመጣል። መዝጊያው ብዙ ጊዜ የእንቁላል ጥብስ ነው።

አዲስ እንግዳ ዓይኑ ዓሣው ላይ ያርፋል፤ ባለሙያው ግን ከዓሣው ይልቅ ለሩዙ ይጨነቃል። ሩዙ እንደ ሰው ገላ ለብ ያለ፣ ዓሣው ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ መሆን አለበት። ሩዙ በጣት ሲያዝ የማይፈርስ፣ ምላስ ላይ ሲያርፍ ግን ፍሬ በፍሬ የሚበተን እንዲሆን ይፈለጋል። ከተጠቀጠቀ ይድቦለቦላል፤ ከላላ ደግሞ ከእጅ ላይ ይረግፋል። ጉርሻው በቀረበ በሰከንዶች ውስጥ ይበላ የሚባለውም ለዚህ ነው፤ እንግዳው ፎቶ ሲያነሣ ሩዙ ይቀዘቅዛል። የአኩሪ አተር ስጎውን ባለሙያው ራሱ በብሩሽ ቀብቶ ስለሚያቀርበው ማጥቀስ አያስፈልግም። በእጅ መብላትም ነውር አይደለም።

በዓሣውና በሩዙ መካከል ዋሳቢ የሚባል አረንጓዴ ማባያ በስሱ ይቀባል። ዋሳቢ አፍንጫን ሰንጥቆ ወደ ራስ የሚወጣ ማቃጠል አለው። ይህ ስሜት ለቁርጥ በላተኛ አዲስ አይሆንበትም፤ ሰናፍጭና ዋሳቢ የአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ አባላት ናቸው፣ የሚያቃጥላቸውም አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ነው። እውነተኛው ዋሳቢ ውድ በመሆኑ በዓለም ዙሪያ በስሙ የሚሸጠው አብዛኛው ሌላ የሚያቃጥል ሥር ከሰናፍጭ ጋር ተቀላቅሎና ቀለም ገብቶበት የሚዘጋጅ ነው።

ከጎዳና ወደ ጓዳ

ይህ ውድ ገበታ የተወለደው መንገድ ዳር ነው። የጥንቱ ሱሺ ዓሣን በጨውና በሩዝ ውስጥ ለወራት ቀብሮ ማቆያ ዘዴ ነበር፤ ዓሣው ሲበላ ሩዙ ይጣል ነበር። ዛሬ የምናውቀው በእጅ የሚጨበጠው ሱሺ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ፣ ዛሬ ቶኪዮ በምትባለው በኤዶ ከተማ ነው። ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣው ባለሙያ ሃናያ ዮሄ ነው። ሻጮች በድንኳን ቆመው ለሥራ ለሚጣደፍ ሰው ያቀርቡት ነበር፤ ጉርሻውም ከዛሬው በጣም ይተልቅ ነበር። በረዶ ስላልነበረ ዓሣውን በሆምጣጤ ያሹታል፣ በጨው ይይዙታል፣ በአኩሪ አተር ስጎ ይነክሩታል ወይም ይቀቅሉታል። ዛሬ እንደ ረቂቅ ጥበብ የሚታየው ይህ ሁሉ ዓሣው እንዳይበላሽ ሲባል የመጣ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1923 ቶኪዮን ያፈራረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የኤዶን ሱሺ ባለሙያዎች ወደየትውልድ ቀያቸው በተናቸው፤ ሙያውም አብሯቸው በመላ ሀገሪቱ ተሠራጨ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ምግብ ሲቸግር ምግብ ቤቶች ተዘጉ፤ ሱሺ ቤቶች ግን መላ አገኙ። ደንበኛው አንድ ስፍር፣ 150 ግራም የሚሆን ሩዝ ይዞ ሲመጣ አሥር ጉርሻ ይሠሩለትና የእጃቸውን ዋጋ ይቀበሉ ነበር። ገበታው ወደ ውድ ቤት የገባው ሀገሪቱ ከበለጸገች፣ ማቀዝቀዣም ከተስፋፋ በኋላ ነው።

ከእነዚህ ቤቶች ስሙ የገነነው በቶኪዮ ጊንዛ ሠፈር፣ ምድር ቤት ውስጥ ያለው የጂሮ ኦኖ ቤት ነው። አሥር መቀመጫ አለው። እ.ኤ.አ. በ1925 የተወለደው ጂሮ፣ ለምግብ ቤቶች ኮከብ የሚሰጠው የሚሽላን መመሪያ የቶኪዮን ቤቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በ2007 ሲመዝን ሦስት ኮከብ አገኘ። ስለ ቤቱ በ2011 በወጣው ዘጋቢ ፊልም ላይ አንድ ተለማማጅ የእንቁላል ጥብሱን ከ200 ጊዜ በላይ እየሠራ ሲጣልበት ቆይቶ በመጨረሻ «አሁን ሆነ» መባሉን ይተርካል። በ2014 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማና የጃፓኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ እዚያው ባንኮኒ ፊት ተቀምጠዋል። ቤቱ ከ2019 በኋላ በመመሪያው ላይ አልወጣም፤ ምክንያቱ ጣዕሙ መጉደሉ ሳይሆን ተራው ሰው ቀጠሮ ሊይዝበት አለመቻሉ ነበር። በእንዲህ ያሉ ቤቶች የአንድ ሰው ሒሳብ ከ30 ሺህ የን ይበልጣል፤ ገበታው ግን በግማሽ ሰዓት ሊያልቅ ይችላል።

የእኛው ጥሬ

አሁን ወደ ደባርቅ፣ እዚያው አጠገብ ወዳለው ሊማሊሞ እንመለስ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ላይ ከትግራይ ተነሥቶ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ የሊማሊሞን አቀበት ወጥቶ፣ የወገራን ሜዳ አቋርጦ ጎንደር ገባ። ሀገሩ ተመልሶ ኢትዮጵያውያን ጥሬ ሥጋ ይበላሉ፣ ከቁም ላም ላይም ሥጋ ሲቆረጥ አይቻለሁ ሲል ለንደን ሣቀችበት። መጽሐፉ በ1790 ከታተመ በኋላም ውሸታም ያሉት ብዙዎች ነበሩ። ጥሬ ሥጋ መብላታችንን ግን ከእሱ በኋላ የመጡ ተጓዦችም መሰከሩ። ዛሬ ለንደን ለጥሬ ዓሣ ብዙ ገንዘብ የሚከፈልባቸው የኦማካሴ ባንኮኒዎች አሏት።

በቁርጥ ቤትና በኦማካሴ ባንኮኒ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ቢላው በማን እጅ ነው የሚለው ነው። በቶኪዮ ቢላው የባለሙያው ብቻ ነው። ያናጊባ የሚባለው ቢላ ረጅም፣ ጠባብና በአንድ ወገን ብቻ የተሳለ ነው፤ ዓሣውን ሳይጋዝ በአንድ ስበት ይቆርጠዋል። ደባርቅ ላይ ግን ሥራው ለሁለት ይከፈላል። ቆራጩ ብልቱን ለይቶ፣ ጅማቱን አንሥቶ፣ ትልቁን ሙዳ በሳህን ያቀርባል፤ ከዚያ ወዲያ በላተኛው በራሱ ቢላ በልኩ ይቆርጣል፣ አዋዜውን ወይም ሚጥሚጣውን ያጠቅሳል፣ በእንጀራ ጠቅልሎ ይጎርሳል። ለዓሣ ሁሌም አዲስነት ብቻ አይፈለግም፤ ቱና ጣዕሙ እንዲጎላ ለቀናት በቅዝቃዜ ይቆያል። ቁርጥ ግን ሌሊት ታርዶ ረፋድ ላይ ሲበላ ነው የሚወደሰው።

እኛ ዘንድ ብልት ማውጣት ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። በሬው ከተገፈፈ በኋላ ሥጋውን በጅማቱና በመጋጠሚያው ተከትሎ፣ ሳይቦጭቁ መለየት ለሁሉም አይሆንም። ሻኛው፣ ዳቢቱ፣ ሽንጡ፣ ታላቁ፣ ጎድኑና ፍሪምባው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቦታ አላቸው፤ ለቁርጥ የሚሆነው ለወጥ አይባክንም፣ ለጥብስ የሚሆነውም ለቁርጥ አይቀርብም። በድግስ ቤት የትኛው ብልት ለማን እንደሚሰጥ የሚያውቅ ሰው ይከበር ነበር።

ከኦማካሴም ከልኳንዳም የሚለየው ቅርጫ ነው። ጎረቤቶች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ፤ ሥጋው ከየብልቱ እየተከፈለ በመደብ በመደብ ይደለደላል፣ ከዚያም ዕጣ ይጣላል። እዚህ መራጩ በላተኛውም ባለቢላውም አይደሉም። ደልዳዩ የትኛው መደብ ለማን እንደሚደርስ ስለማያውቅ አንዱን ከሌላው አያበላልጥም። ጃፓኖች በባለሙያው ስም ያገኙትን መተማመን የእኛ ሰው በዕጣ አግኝቶታል።

የጊዜ አቆጣጠሩም ይለያል። ለኦማካሴ የቀን መቁጠሪያው ባሕሩ ነው፤ የክረምት ዓሣ አለ፣ የጸደይም አለ፣ ባለሙያው የዕለቱን ገበታ በዚያው ይወስናል። ለደባርቅና ለዳባት ልኳንዳ ግን ቀን መቁጠሪያው የጾሙ ወቅት ነው። ረቡዕና ዓርብ ቢላው ያርፋል፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ደጁ ይዘጋል፤ ፋሲካ ሲሆን ደግሞ በሬው አይበቃም።

የእምነቱ ዋስትና

ጥሬ መብላት አደጋ አለው፤ ልዩነቱ ማን እንዴት ይጠነቀቃል የሚለው ነው። በባሕር ዓሣ ውስጥ አኒሳኪስ የሚባል ትል ሊኖር ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በጥሬው የሚበላ ዓሣ አብዛኛው ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ7 ቀን እንዲቀዘቅዝ ይመክራል። የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ደግሞ የሌሎች ጥገኛ ትሎች ማደሪያ ስለሚሆን የሱሺ ቤቶች በጥሬው ከማቅረብ ይቆጠባሉ። ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ በሚጥሚጣ ጥሬ ዓሣ የሚበሉ፣ ጣና ላይም ሊሞክሩ የሚያስቡ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል።

የበሬው ትል ኮሶ ነው። የስሜን ሰው መድኃኒቱን ከደጁ ያገኘዋል፤ ትሉም መድኃኒቱም በአንድ ስም ይጠራሉ። በደጋው ጫካ የሚበቅለው የኮሶ ዛፍ የሴቴው አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በባዶ ሆድ ይጠጣ ነበር። ብሩስ ይህንኑ ዛፍ በመጽሐፉ ሥሎ ለአውሮፓ አስተዋውቋል፤ አበባውም በ19ኛው ክፍለ ዘመን እስከ አውሮፓ ፋርማሲ ደርሷል። ነገር ግን ኮሶ ሲበዛ ይመርዛል፣ ዓይንም ይጎዳል፤ ዛሬ ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ክኒን ይሻላል።

መድኃኒቱ ግን ትሉ ከገባ በኋላ የሚመጣ ነው። በሬው ትሉን የሚይዘው በሰው ዓይነ ምድር የተበከለ ሣር ሲግጥ ነው፤ እንቁላሉ በሥጋው ውስጥ እጭ ይሆንና ሥጋውን በጥሬው ወደ በላው ሰው ይመለሳል። ስለዚህ የንጹሕ ቁርጥ ጉዳይ ከልኳንዳው በፊት ከግጦሹና ከመጸዳጃ ቤቱ ይጀምራል። አባ ሰንጋና የሳንባ ነቀርሳም በታመመ ከብት ሥጋ ሊመጡ ይችላሉ፤ እነዚህን ቀድሞ የሚይዘው የእንስሳት ሐኪም ምርመራ እንጂ የቆራጩ ዓይን አይደለም።

ከኦማካሴ የምንማረው ዋጋውን አይደለም፤ ሩዝ በሆምጣጤ ማጣፈጡንም አይደለም። እዚያ እንግዳው ምርጫውን ሲተው ከባለሙያው ጀርባ የሠለጠነ ገበያ፣ ቅዝቃዜ፣ ሕግና የዓመታት ሥልጠና ቆሟል። እኛ ዘንድ ብልት የማውጣቱ ዕውቀት አለ፤ የሚጎድለው ከጀርባው የሚቆመው ነው። ይህን ሙያ የሙያ ማሠልጠኛዎች እንደ ሙያ ቢያስተምሩት፣ ልኳንዳዎችም በሬው የታረደበትንና የተመረመረበትን ቢያሳዩ፣ ስሜንን ለማየት ለሚመጣው እንግዳም ለነዋሪውም ይበጃል። እስከዚያው ልኳንዳ ቤት ሲገቡ «ከጥሩው ቁረጥልን» ማለትዎን አይተዉ፤ ከዚያ በፊት ግን የምርመራው ማኅተም ሥጋው ላይ መኖሩን ይዩ፤ ከሌለ ሥጋውን ይተዉት።